የቴሌቪዥን ገና በየትምወርቅ ቤት

መካነ ሰላም ገብቶ የየትምወርቅን ጌም ቤት ያጣ ሰው ካለ ጆሮውን ይታከም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው፤ የወፍጮውን ጩኸት አልፎ የሚሰማ ሳቅ ካለ የእሷ ነው። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች፤ ቁመቷ ከበሩ ጉበን ጋር ሊጋጭ ትንሽ ነው የቀረው። ሻሿን ወደ ኋላ ጠምጥማ አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ልጆቹ በጆይስቲክ ሲጓተቱ "ኧረ እናንተ!" ስትላቸው ቤቱ ጸጥ ይላል። ጆይስቲክ ሲበላሽ ደግሞ ማንንም አትለምንም፣ ራሷ ፈትታ ራሷ ትገጥማለች። ይህን ሁሉ የለመደችው ደሴ ሰው ቤት ተቀጥራ ጌም ስታጫውት ነው። "የሰው ቤት ይበቃኛል" ብላ ወደ አገሯ ስትመለስም የያዘችው ይህንኑ ሙያ ነበር።

ሁለቱ ማጫወቻዎቿ አዲሶች ናቸው፤ ልጆቹ እግር ኳስ ይጫወቱባቸዋል። ሦስተኛው ግን ጉድ ነው። የደሴው አሠሪዋ ሱቁን ሲዘጋ "ይሄን ውሰጂልኝ፣ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም" ብሎ የሰጣት፣ ገና እሷ ልጅ ሳለች የተሠራ፣ ካሴት የሚጎርስ ማሽን ነው። ከካሴቶቹ ሁሉ የሚሠራው አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም የጎልፍ ጨዋታ። ጎልፍ ሲባል ግን ሰፊ ሜዳ የሚፈልገው የሀብታሞቹ ዓይነት አይደለም፣ ትንሹ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ አረንጓዴ ግቢ በየተራ ይመጣል፤ አንዱ ድልድይ አለው፣ አንዱ ኩሬ አለው፣ አንዱ ክንፉ የሚሽከረከር የነፋስ ወፍጮ አለው። ነጯን ኳስ በዱላ እየመቱ በዚያ ሁሉ መሀል አሳልፎ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። በትንሽ ምት የከተተ አሸነፈ።

የከተማው ልጆች ዞር ብለውም አላዩት። "ይሄ የሽማግሌ ነው" ብለው ናቁት። የትምወርቅ ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት ብቻዋን እየተጫወተች ፍቅር ያዛት። አንድ የገበያ ቀን ከከላላ በቅሎ እየነዱ የመጡ ገበሬዎች በበሩ አንገታቸውን አስግገው ዱላውንና ኳሷን አዩና "ይቺ ገና አይደለችም እንዴ!" ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ጎልፍ የሚለውን ስም ማንም አላስታወሰውም፤ "የቴሌቪዥን ገና" ሆኖ ቀረ። ስሙን የሰሙ ሁሉ ገበያ በወጡ ቁጥር ጎራ ይሉ ጀመር። ቤቷ ሞላ፣ ስሟም ተጠራ። አንድ ሰው ብቻ ቀረባት።

እኒያ ሰው አባቷ ናቸው። መሪጌታ ኒቆዲሞስ ዜማ አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸው ሲነሳ የደብሩ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ሁሉ ይነሳል ይባልላቸዋል። በጎልማሳነታቸው ደግሞ በገና ጨዋታ የሚያቆማቸው አልነበረም። ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ አንዴ ከለጓት የታች ሰፈር ሰው የሚያገኛት ማሳ ውስጥ ነበር። አሁን ጉልበታቸው እንቢ ብሏቸው በገና ቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይዳኛሉ። ከልጃቸው ጋር ያቀያየማቸው ነገር የሆነው ጌም ቤቱ በተከፈተ በሳምንቱ ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ከዜማ ትምህርት ጠፋ፤ ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው ማን ቤት ነው? የትምወርቅ አግዳሚ ላይ፣ ጆይስቲክ ጨብጦ!

"እኔ እዚያ ቤት ደጃፍ ምን አለኝ" አሉ መሪጌታ። አልማሉም፣ አልተገዘቱም፣ ይህን ብቻ ነው ያሉት፤ እሱም በቃ። ይኸው ሦስት ዓመት በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞረው ነው የሚሄዱ። የትምወርቅ በማግስቱ "የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን ሳይጨርስ አይገባም፣ ዩኒፎርም የለበሰም አይገባም" ብላ ሕግ አወጣች፤ አንድም ልጅ ከዚያ ወዲያ ሕጓን አልጣሰም። ለእሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ያነጋግሯታል፣ ያጎርሷታል፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቋታል። ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። እሷን የሚያቃጥላት ይሄ ነበር። ሰው ሁሉ መርቆላት አባቷ ያልመረቁት ቤት ቤት ሆኖ አልታይ አላት።

"አብሽሪ ልጄ" ይሏታል እናቷ ወይዘሮ ካሰች። "እሱ ሆዱ ሩኅሩኅ ነው፣ የማይታጠፈው አንገቱ ነው።"

"እኔ እኮ የፈለግሁት አንገታቸውን ነው፣ እማዬ። በቤቴ በር ጎንበስ ብለው እንዲገቡ።"

ዘንድሮ የልደት ዕለት፣ ቅዳሴው ወጥቶ፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጣ። ላይ ሰፈር በአንድ ወገን፣ ታች ሰፈር በሌላው፣ አቧራው ሰማይ ይነካል። መሪጌታ ጋቢያቸውን ደርበው ከድንጋያቸው ላይ ናቸው። የትምወርቅ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ስታይ ወይዘሮ ካሰች በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

"ዛሬ ካልነገርሽው መቼ ልትነግሪው ነው? ዛሬ እኮ የሚቆጣ የለም!"

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር የገና ጨዋታ ዕለት ትልቅ የለም፣ ትንሽ የለም። ዳኛውም፣ ባለጸጋውም፣ ቄሱም በግጥም ይሰደባል፤ የተሰደበውም ይስቃል ወይ ይመልሳል እንጂ አይቀየምም። ለግጥሚያ የተጠራ ደግሞ እንቢ ካለ ዓመቱን ሙሉ የሕዝብ መሳቂያ ነው። ሰው ፊት አባትን መስደብ! ግን ሦስት ዓመትም ቀላል አይደለም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ሜዳው መሀል ገባችና አፏን ሞልታ አዜመች፦

"የእኛ መሪጌታ ዜማው ሰማይ ደርሶ፣
ከትንሽ ሩር ሸሸ ጋቢውን ተላብሶ።"

ጨዋታው ቆመ። ከዚያ ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። የታች ሰፈር ተጫዋቾች አለቃ አራጋው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ሳቅ አላስቆም ብሎት መሬት ላይ ተቀመጠ። "ተጠርተዋል መሪጌታ! በቴሌቪዥን ገና ተጠርተዋል! ኧረ ይመልሱ!" እያለ ይጮኻል። ሕዝቡ "ይመልሱ! ይመልሱ!" አለ።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። ልጃቸውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፤ ወይዘሮ ካሰች ሰማዩን ያዩ ጀመር። ሽማግሌው እያቃሰቱ ተነሡና በዚያ ደብሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምፃቸው መለሱ፦

"አትሳቂ ልጅቱ ጉልበቴ ቢከዳኝ፣
ዱላ የለመደ እጄ መች አስከፋኝ።"

እልልታው ቀለጠ። ሕዝቡ እሳቸውን መሀል አድርጎ ወደ መናኸሪያው ወረደ። የትምወርቅ እየሮጠች ቀድማ በሩን ከፈተች፤ ከችኮላዋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጣለችው።

ቤቱ ጢም አለ፤ ቦታ ያጣ በመስኮት ተንጠለጠለ። መሪጌታ በአግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጆይስቲኩን እንደ ጸናጽል ያዙት። የትምወርቅ የት ተጭኖ እንደሚመታ አሳየቻቸው። ቴሌቪዥኑ ግርጌ ላይ የምቱን ኃይል የሚያሳይ መስመር አለ፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ መሀል ላይ ሲደርስ መጫን ነው። መሪጌታ ግን ገና ተጫዋች ናቸው፤ ገና ተጫዋች ደግሞ በመሀል አይመታም። መስመሩ ጫፍ እስኪደርስ ጠበቁና "ያዝ!" ብለው ለጉት። ኳሷ አጥሩን ዘላ ጠፋች።

"የታባቷ! ማሳ ገባች!" አሉ ደስ ብሏቸው።

"ይህ ጥፋት ነው፣ አባቴ። እንደገና ከመነሻው።"

"ምን ጥፋት አለው? የማንም ዓይን አልደረሰባትም እኮ!"

ቤቱ በሳቅ ታመሰ። በሁለተኛው ግቢ ቀስ ማለትን ለመዱ። በሦስተኛው ግን የባሰ መጣ። የትምወርቅ ኳሷን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አድርሳ ስትጠብቅ፣ መሪጌታ ጉድጓዱን ትተው የእሷን ኳስ አነጣጠሩ። ጓ! የልጃቸው ኳስ ተስፈንጥራ ኩሬ ገባች። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፣ የላይ ሰፈር ሰውም አብሮ ጨፈረ።

"ኧረ መሪጌታ!" አለ አራጋው እንባውን እየጠረገ። "እዚህ ጨዋታ ላይ የእርስዎ ጎል፣ የእሷ ጎል የሚባል የለም። ጉድጓዱ አንድ ነው። ሁለታችሁም እዚያው ነው የምትከቱ።"

"አንድ ጉድጓድ ለሁለት ተጋጣሚ?" መሪጌታ ከልባቸው ተደናገሩ። "ታዲያ ማንን ነው የምከላከለው?"

"ማንንም አይከላከሉም።"

"እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ እንዴ?" አሉና ቴሌቪዥኑን አተኩረው አዩ። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን ኳስ አልነኩም። የራሳቸውን በቀስታ መግፋት ያዙ፤ ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዳር አውጥተው፣ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ መንሸራተቱንም ሳያውቁ። በድልድዩ ላይ አሳልፈው በሁለት ምት ከከተቱ በኋላማ ጨዋታው የምር ሆነ። የመጨረሻው ግቢ፣ የነፋስ ወፍጮው ጋ ሲደርሱ አባትና ልጅ እኩል ነበሩ።

መሪጌታ በሦስት ምት ከተቱ። የትምወርቅ በሁለት ከከተተች አሸነፈች። ጆይስቲኩን ይዛ አመነታች። ልሸነፍላቸው ይሆን? ደስ ብሏቸው ቢወጡ ይመለሱ ይሆናል። ዞር ብላ ስታይ አባቷ ትክ ብለው እጇን ያዩታል።

"በገና ሆን ብሎ መሸነፍ ከስድብ ሁሉ የከፋ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ምቺ።"

መታች። ኳሷ በወፍጮው ክንፎች መሀል ሾልካ ወጣችና ከጉድጓዱ ዳር ቆመች። ቀጥላ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ገባች።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። አሁን ወጉ አሸናፊው ተሸናፊውን አቁሞ መስደቡ ነው። መሪጌታ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው መሀል ቆሙ። ሰው ሁሉ የትምወርቅን ጠበቀ። ሜዳ ላይ እንደ ልብ የመጣላት ግጥም ግን ድርቅ አለ።

"ስደቢኝ እንጂ! አሸንፎ ዝም ማለት አለ? እኔ ቆሜ የለም እንዴ?"

"እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር" አለች የትምወርቅ፤ ግጥምም አልነበረም፣ ዜማም አልነበረውም። "እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ይህን ቤት አጥቤ፣ ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ ለእርስዎ ወንበር አስቀምጣለሁ። ጎረቤት መጥቶ መርቆልኛል፣ ገበያተኛ መርቆልኛል። አባቴ ግን መጥተው አልመረቁልኝም። ሌላ ስድብ የለኝም፣ አባቴ። ይሄው ነው።"

ወይዘሮ ካሰች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዕለቱ ገና ነውና መሪጌታ ሊቆጡ አይችሉም፤ ሊቆጡ የፈለጉም አይመስሉም ነበር። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ልጃቸው አንድ እርምጃ ቀረቡ።

በዚህ መሀል በሩ ላይ ግፊያ ሆነ። ቄስ ውበቱ ናቸው፤ ከደብሩ መሪጌታን ፍለጋ ሜዳ ወርደው፣ ከሜዳ ሰው ጠቁሟቸው የመጡ። ጥምጥማቸውን በአንድ እጅ ደግፈው አንገታቸውን አስገቡና ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ጆይስቲኩን አዩ፣ መሪጌታንም መሀል ቆመው አዩ።

"አበስኩ ገበርኩ! መሪጌታ፣ የት ገብተው ነው የጠፉብን?"

የትምወርቅ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

"ልጄ ቤት ነኝ" አሉ መሪጌታ ኒቆዲሞስ፤ ድምፃቸው እስከ መናኸሪያው ተሰማ። "ይግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆምዎታል! የልጄ ቤት እኮ ነው።"