ያለ እኔ ቱላ የወረደችው ወፍ

የመርፌ መቀቀያውን ከምድጃ ላይ ሳወርድ ነበር የክሊኒካችን ዘበኛ በሩ ላይ መጥቶ የቆመው። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሻል።

«ሲስተር፣ ትናንት ወፏ ቱላ ወርዳ ነበር አሉ።»

«ማን ይዟት? እኔ መቼ ወረድኩ?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት። ክትባት መጣ ብለው ሰዉ ወጣ። ጎረምሶቹ እንደ ልማዳቸው ሊገፉ ሲመጡ ከውስጥ ታጣቂ ወረደ። አፍሰዋቸው ሄዱ።»

ትናንት እሑድ ነበር። የጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ አዲስ ከተማ ሰፈር በአንዲት የእምነት እህት ጓዳ ተሰብስበን መዝሙር በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። እኔ እዚያ ተንበርክኬ ሳለሁ፣ እነሱ በገዛ እጄ ባደስኳት ወፍ ሰው ያጠምዱ ነበር።

ወፏ የምንላት የክሊኒኩን ተጎታች ቤት ነው። ፈረንጆች ከመኪና ኋላ አስረው ለሽርሽር የሚጎትቱት፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው ቤት። የእኛዋን ያመጧት ባልና ሚስት አገር ለቀው ሲሄዱ ለክሊኒኩ ተዉዋት፤ እኛም አልጋዋን አውጥተን መከተቢያ ክፍል አደረግናት። በግንባሯና በበሯ በኩል የፋብሪካዋ ምልክት ነበረባት፦ ከስስ ብረት የተቆረጠች፣ ክንፏን የዘረጋች ሰማያዊ ወፍ። ከከተማ ወጣ ብላ ያለችው የቱላ መንደር እናቶች ፋብሪካውን ከየት ያውቁታል? ለእነሱ ወፏ ከመጣች ልጅ አይሞትም።

ልጇ ከኩፍኝ የተረፈችላት አንዲት እናት አንድ ቀን ከራሷ ላይ ቅቤ በጣቷ ወስዳ የወፏን ክንፍ ቀባች። እኔ ያደግሁት ከዚያ በጣም ርቆ፣ ወለጋ፣ ሥዕል በማይሰቀልበት፣ ለተቀረጸ ነገር እጅ በማይነሣበት ቤት ነው። ደነገጥኩ።

«እናቴ፣ ልጅሽን ያዳነው እግዚአብሔር ነው። ይቺ ቆርቆሮ ናት» አልኳት።

«እሱን ማለዳ አመስግኛለሁ። እሷን ደግሞ መንገዱ አድክሟታል» አለችኝ።

ሌሎቹም እሷን አይተው ይቀቡ ጀመር። ቅቤው አቧራ ያዘ፤ ዘበኛው አቧራውን በአሸዋ ፈተገ፤ አሸዋው ቀለሙን በላው። የበሩ በኩል ወፍ ይባስ ብሎ አንድ ክንፏ ተገንጥሎ መንገድ ላይ ቀረ።

አንድ ክረምት ነዳጅ ጠፍቶ ተጎታቿ ከግቢ ሳትወጣ ከረመች። ቱላ ስንመለስ አንድም ሰው አልጠበቀንም። እንሰቱ ውስጥ የሚሮጥ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ጊዜው ለጦር ግንባር የአፈሳ ጊዜ ነበር፤ ጎረምሳ ያለበት ቤት ሁሉ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ልጁን ይሰውራል። ቅቤ የቀባችው እናት ብቻ በአጥሯ ብቅ አለች። እሷም አንድ ወንድ ልጅ ነበራት።

«ወፏ የታለች? ወፍ የሌለው መኪና ልጅ ይወስዳል» አለችኝ።

ቀለሟ የለቀቀው ወፍ ከሩቅ አትለይም ነበር። ማደስ የጀመርኩት ስለዚህ ነው፤ ለጌጥ አይደለም። ያረጀውን ቅቤ በሙቅ ውኃና በሳሙና እያለሰለስኩ በጨርቅ ጠረግሁ። ከክንፏ እጥፋት ሥር ፀሐይ ያላየው የመጀመሪያው ቀለም ወጣ፦ የተማሪ ዩኒፎርም የመሰለ ሰማያዊ። የግንባሯ ወፍ ቀለሟ ቢለቅም ክንፎቿ ሙሉ ስለነበሩ ወረቀት ለጥፌባት በከሰል አሸሁና የክንፉን ልክ አወጣሁ። በዚያ ልክ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ከዘይት ጣሳ ክንፍ ቆርጦ ገጠመልኝ።

ቀለም ፍለጋ ባህል አዳራሽ አካባቢ መፈክር ወደሚጽፍ ሰው ሄድኩ።

«ቀይ ከሆነ እንደ ጎርፍ ነው። ሰማያዊ ግን ከየት ይመጣል ሲስተር?» አለኝ።

«ቀይ ወፍ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዘንድሮ ደግሞ የማይቀላ ምን አለ!» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ግራ ቀኙን አየ።

ሰማያዊውን የሰጠኝ አዲስ ከተማ የሚነግድ ሰው ነው። የሱቁን በር ሊቀባበት አስቀምጦት ነበር። «ለወፏ ከሆነ በሬ ይቆይ» አለ።

ቀለሙ ሲደርቅ ቱላ ወረድን። እናቶቹ ወጡ። ጎረምሶቹም ከእንሰቱ ወጡ፤ ተጎታቿ ከዋናው መንገድ ስትታጠፍ ሁልጊዜ ጭቃ ስለሚይዛት እየዘፈኑ መግፋትና ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ማድረግ የእነሱ ሥራ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ያንን ደግነት ነው ታጣቂዎቹ ወጥመድ ያደረጉት።

ዘበኛው ይህን ነግሮኝ ሳይጨርስ ወደ ክሊኒኩ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ።

«ቁልፉን ማን ሰጣቸው?»

«ትእዛዝ ነው ሲስተር። ለስብሰባ ነው ያሉኝ።»

«ክትባት ብለው ነው የጠሩት!»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። እናት አገር ልጆቿን ብትጠራ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

«እናት ልጇን በስሙ ትጠራዋለች እንጂ በወፍ አታጠምደውም።»

«ተጎታቿ የመንግሥት ንብረት ናት» ብሎ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ቁልፉን የሰጠ እጁ ያኔም ብዕር ይዞ ይጽፍ ነበር።

በጋሪ ቱላ ወረድኩ። ያቺ እናት ደጇ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ አልተነሣችም።

«ልጄን ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ወፏን አይቼ። የት አደረስሽው?»

«እኔ አልነበርኩም እናቴ። በጌታ ስም፣ አላወቅሁም።»

«ወፏ ነበረች» አለችኝ።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ኃላፊው በመስኮት እያየ፣ ሁለቱንም ወፎች በመፍቻ ነቀልኳቸው። ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሌላ አውራጃ አዛወሩኝ። ከዚያም ሆኜ ስለ ልጁ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንዱ ሰሜን ነው ይላል፣ ሌላው ምሥራቅ፤ አብዛኛው ግን «ተይው» ይላል። የእምነት እህቶቼም ይቅር በይ ይሉኛል። ይቅርታውን ጌታ አዞኛል፤ እጸልይበታለሁ። ይቅርታ ማለት ግን ዝም ማለት ነው የሚል ቃል በመጽሐፉ አላገኘሁም። ደግሞስ ይቅር የማለቱ ድርሻ የእናቲቱ እንጂ የእኔ ነው እንዴ?

የዚያን እሑድ እዚያ የነበራችሁ፣ መኪናውን የነዳኸው፣ ከተጎታቿ ውስጥ የወረዳችሁት፣ ስማችሁን አልጠይቅም። ፍርድም ለሌላ ነው። እናቲቱ አርጅታለች፣ ግን አለች። ከእናንተ አንዳችሁ ወደ ቤቷ ሂዱና ልጇን የት እንዳወረዳችሁት ንገሯት።