ልጄን የጠየቋት ሲስተር የሺ

የታቦር ሰፈር ጎረቤታችንና የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር የሺ በሕመም አርፈው ባለፈው እሑድ ቀበርናቸው። የምጽፈው ስለ እሳቸው፣ ስለ ልጄ ስለ ማርታና ስለ እኔ ስለ አናጢው ደምሴ ነው። ስሟን ልጻፈው ወይ ብዬ ማርታን ጠይቄያታለሁ፤ «ጻፈው አባዬ» ብላለች። የአራተኛውን ሰው ስም አልጽፍም፤ እናቱ ጎረቤቴ ናቸው።

ማርታ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። የተዋስኩትን መጋዝ እንድትመልስ ወደዚያ ሰውና ወደ እናቱ ቤት ላክኋት። ሰውየው ብቻውን ነበር፤ በሩን ዘግቶ ደፈራት። ሲስተር አከሟት፣ ፖሊስ ጣቢያም አብረዋት ሄዱ።

ክሱ ሲከፈት የእድራችን ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። «ደምሴ፣ ያገባታል። ነገሩ ይሸፈናል፣ ክሱም ይቀራል። እሺ በለን» አሉኝ። ሲስተር የማርታን ቁስል ሊያጥቡ መጥተው ነበርና ከጓዳ ወጡ።

«ማርታን ጠይቃችኋታል?»

«አባቷ ቁጭ ብሎ?»

«አባቷን ማን ነካቸው?»

«አንቺ መርፌሽን ያዢ!» ብለው አንዱ ሽማግሌ ሳቁ።

ሲስተር ተመልሰው ገብተው ጠየቋት። «አልፈልግም» ስትል ሁላችንም ሰማን። ሽማግሌዎቹን ሸኘኋቸው።

ፍርድ ቤት ሲስተር ለምስክርነት ቆመው ሳለ የሰውየው ጠበቃ «በእግሯ ገብታለች፣ አልጮኸችም፤ ታዲያ መቼ ነው እንቢ ያለችው?» አለ።

«የገባችው መጋዝ ልትመልስ ነው» አሉ ሲስተር። «ፍርሃት ድምፅ ይዘጋል። ዝም ያለ ሰው እሺ አላለም።»

«ምስክር፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» አሉ ዳኛው።

«እሷንም የጠየቃት ቢኖር እዚህ ባልመጣን ነበር።»

ሰውየው በነጻ ተለቀቀ። ልጅ ያላችሁ ስሙኝ፤ አባትነት በልጅ ፈንታ እሺ ማለት አይደለም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ከእሳቸው ተማርኩት።

ሲስተር የሺ፣ የሆነውን ያውቁታል። ማርታ ከሥራዋ ቀርታ ከግቢ መውጣት ተወች። እኔን እድሩ አገለለኝ። የዚያ ሰው እናት አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። እርስዎ በመመስከርዎ ወባ ወዳለበት ቆላ ተዛውረው ጤናዎን እዚያ ጥለው ተመለሱ። እሱ ብቻ ምንም አልጎደለበትም።

እሑድ ዕለት ግን ማርታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። «ልቅበራቸው» አለች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልጎተታትም። በእግሯ እስከ መቃብርዎ ሄደች። ደህና ይሁኑ፣ እህቴ።