ልቤ ምቱን የሳተበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ቤቴል በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ደረቴን ገልጬ ተኛሁ። ከኤች አይ ቪ ጋር ብዙ ዓመት የኖርን ሰዎች ልባችንን አልፎ አልፎ መታየት ይገባናል ተብዬ ነው። ወጣቷ ሐኪም ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብታ ሽቦዎቹን ስታያይዝ፣ ቅዝቃዜው ወደ አንድ የድሮ የነሐሴ ጠዋት መለሰኝ።

ያን ጊዜ ኮልፌ፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር የታሪክ መምህር ነበርሁ። ስለ ሌሎች ሕይወት ሳወራ እውላለሁ፤ ስለ ራሴ ግን አንዲት ቃል አትወጣኝም። መድኃኒቴን የማመጣው ማንም ከማያውቀኝ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነበር። ከብልቃጡ አውጥቼ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አኖረዋለሁ፤ ሲነሣ እንዳይንኳኳ በላዩ ጥጥ እጠቀጥቅበታለሁ። ጥጡን ብዙዎቻችን እንጠቀምበት እንደ ነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

በባዶ ሆድ ስወስደው ስለሚያጥወለውለኝ ፍልሰታን መጾም አልቻልሁም። ለእትዬ አስካለ "ጨጓራዬን ያመኛል" አልኋቸው። ምንም አልጠየቁኝም። ከማግስቱ ጀምሮ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ጾሞ ሳለ፣ ክዳን የተደፋበት ትኩስ ቂንጬ በየጠዋቱ ደጄ ላይ አገኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን፣ ለአፌ ቁስል ከሩቁ ክሊኒክ የተሰጠኝን ክኒን እየወሰድሁ ሳለ፣ ዝናቡ ሳል ጣለብኝ። ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ገባሁ። ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ስጠየቅ "የለም" አልሁ፤ የሳሉ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ከቀናት በኋላ ልቤ እንግዳ ሆነብኝ፤ ይመታል፣ የረሳው ነገር እንዳለው ሰው ቆም ይላል፣ ከዚያ ይጋልባል። አንድ ጠዋት የግቢው ቧንቧ ዘንድ ፊቴን ስታጠብ ወደቅሁ።

እትዬ አስካለ ደግፈውኝ፣ ጭቃውን አሻግረው ታክሲ አስቆሙ።

"ጾሙ ነው የጣለው አይደል፣ እማማ?" አለ ረዳቱ።

"እሱን ጾም የት ያውቀዋል! ይልቅ ሾፌሩን ፍጠን በለው።"

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የልቤ ምት የተቀረጸበትን ወረቀት አይቶ ፊቱ ተለወጠ። "ወንድሜ፣ ከሳሉ መድኃኒት ሌላ የምትወስደው ነገር አለ? ሳላውቅ ባክምህ የባሰ ልጎዳህ እችላለሁ።"

እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመዋል። ብናገር ቤቴን፣ ሰፈሬን፣ ምናልባትም ሥራዬን አጣለሁ፤ ባልናገር ልቤ የሚጠብቀኝ አይመስልም ነበር።

እሳቸው ከነጠላቸው ሥር የሻይ ቆርቆሮዬን አወጡና፣ ሳይከፍቱ፣ እጄ ላይ አኖሩት። "ክፍልህን ስዘጋ ያዝኩልህ። እኔ ውጭ ነኝ" ብለው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ያኔ ተናገርሁ። ሐኪሙ የሳሉና የአፉ ቁስል ክኒኖች ሲገናኙ የልብን ምት እንደሚያዛቡ ነግሮኝ ሁለቱንም አስቆመኝ። "ዋናውን ግን እንዳታቋርጥ" አለ። እዚያው አስተኝተው ሲከታተሉኝ አደሩ፤ በማግስቱ ልቤ ወደ ስልቱ ተመለሰ። ቤት ስገባ ቂንጬው እንደ ወትሮው ደጄ ላይ ነበር። ስለ ቆርቆሮው ዳግም አላነሣንም።

"ጋሼ፣ ልብዎ ምንም የለበትም" አለችኝ የቤቴሏ ሐኪም። "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"አለ" ብዬ በየስሙ ነገርኋት። በሩ ገርበብ ብሎ እንደ ነበር ያየሁት ስጨርስ ነው፤ አልደነገጥሁም።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ ልቤን ልታይ መሄዴን ለሚያውቁት ለእትዬ አስካለ ደወልሁ። ምስጢሬን ብቻዬን የተሸከምሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንዱን ጫፍ እሳቸው ይዘውልኝ ኖረዋል።

"እትዬ፣ ያ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው።"

"እኔ መች ጠየቅኩህ? ዛሬ ልብህን ምን አሉህ?"

"ደህና ነው አሉኝ።"

"እሰይ! ቁርስ በልተሃል?"

እውነቱን ነገርኋቸው፤ አልበላሁም ነበር።