ባለቤት ያጣው ቃል

የጫማ ፋብሪካችንን ጸሐፊ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም «ቃለ ጉባኤ» ነው የምንላት። ስብሰባ ላይ ጥጓን ይዛ የተባለውን ሁሉ ስለምትጽፍ የወጣላት ስም ነው። የተባለውን እንጂ ሊባል የታሰበውን አትጽፍም። ሥራ አስኪያጁ የተናገረው ሲቆጨው «እሱን ሰርዢው» ቢላት፣ «ተብሏል እኮ ጌታዬ» ብላ ገጹን ትገልጣለች። እኔ ንብረት ክፍል ነኝ። ቢሯችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ ስትናደድ ወረቀት ስትቀድ ይሰማኛል። ያን ሰሞን የሰማሁት የወረቀት ቀደዳ ግን የጤና አልነበረም።

ጣጣውን ያመጣው የሥራ አስኪያጁ ሥልጠና ነው። ሄዶ ሠለጠነና ሲመለስ ሰብስቦን፣ «ከእንግዲህ ተልዕኳችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ በር ላይ ይሰቀላል። እዚያ ውስጥ የሌለ ሥራ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ይዘጋል» አለ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፦ እሱ ራሱ፣ ፋብሪካውን የመሠረቱት አባባ፣ የሒሳብ ኃላፊው፣ የሽያጭ ኃላፊዋና እኔ። የምትጽፈው እንግዲህ ያው የፈረደባት ቃለ ጉባኤ ናት።

«ይዘጋል» ሲል የሁላችንም ዓይን ወደ እሷ ዞረ። ምክንያቱም የሚዘጋ ነገር ካለ፣ በሩ አጠገብ ያለችው የጥገና ክፍል መሆኗን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ደንበኛ ሶሉ የተላቀቀበትን፣ ስፌቱ የተተረተረበትን ጫማ ይዞ የሚመጣው እዚያ ነው። የሚጠግኑት ደግሞ የቃለ ጉባኤ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ወስፌ ናቸው። አባታቸው ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የጽሕፈት ትምህርት ቤት ገብታ ለወግ ለማዕረግ የበቃችውም በዚያችው ጫማ በሚሰፉባት ወስፌ ነው። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ «ነይ እስቲ፣ ክር አስገቢልኝ» ብለው ይጠሯታል። እሷም ሰበብ ፈልገው ሊያጫውቷት እየመሰላት፣ እየሳቀች ትሄዳለች።

የመጀመሪያውን ረቂቅ እሷው ጻፈችው፦ «ጠንካራ ጫማ ሠርተን በተመጣጣኝ ዋጋ እንሸጣለን።» አለቀ። ጥገና የሚል የለበትም። በኋላ ስጠይቃት፣ «ወንድሟን አስገባች እንዲሉኝ ነው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እኔም እሷ እያለች እኔ ማን ነኝ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ልብ የሚያወልቀው ሥራ ተጀመረ። አባባ «ሀቀኝነት» ይግባ አሉ። የሳቸውን ቃል ማን እምቢ ይላል? ገባ። የሒሳብ ኃላፊው «ዘላቂ እሴት» አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልገባውም፤ ቅር እንዳይለው ገባ። የሽያጭ ኃላፊዋ «ተመራጭ» አለች፤ ለአባባ ተፈቅዶ ለእሷ ቢከለከል ደግ አይሆንም፤ ገባ። ሥራ አስኪያጁ «ዓለም አቀፍ ደረጃ» አለ፤ አለቃ ነው፤ ገባ። በየስብሰባው አንድ ሰው ሻዩን እየማሰለ «እንደው ካላስቸገርኩ» ይላል፤ እኛም እንቸገራለን፤ ቃለ ጉባኤም ተመልሳ እንደ አዲስ ትተይባለች። አንድ ቀን ሙሉ ደግሞ የጻፍነው ተልዕኮ ነው ወይስ ራዕይ እየተባለ ክርክር ተያዘ። ስትወጣ በሩን እንዴት አድርጋ እንደዘጋችው እኔ ነኝ የማውቀው፤ መደርደሪያዬ ላይ የነበሩት የቀለም ጣሳዎች ተንጋግተው ወረዱ።

በመጨረሻ ሰሌዳ ጻፊው መጥቶ ለካና፣ ይህ ሁሉ ሰሌዳው ላይ አይገባም፣ አሳጥሩ አለን። ይኼኔ ጉድ ፈላ። የማን ቃል ይውጣ? የአባባ አይነካም። የአለቃ አይነካም። የሒሳብ ኃላፊው ያኮርፋል። እያንዳንዱ ቃል ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ባለቤት አለው። ብዕራችን ከላይ ታች ሲል ቆይቶ፣ ማንም ሳይቀየም ሊወጡ የሚችሉ ቃላት አገኘንና ሰረዝን። ሁሉም እፎይ አለ፤ ሥራ አስኪያጁም እንድታነብ አዘዛት።

ቃለ ጉባኤ ተነሥታ አነበበች፦ «ሀቀኝነትን መርሑ ያደረገ፣ ዘላቂ እሴት የሚፈጥር፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመራጭ ተቋም መሆን።» ተጨበጨበ። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ጌታዬ፣ እዚህ ውስጥ የሌለ ሥራ ይዘጋል ብለዋል። ተጽፏል።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«እንግዲያው ጫማ መሥራቱን ከመቼ ጀምሮ እንደምናቆም ይንገሩኝና ልመዝግበው።»

ወረቀቱን ተቀባበልነው። እውነትም ጫማ የለም። አባባ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሁላችንም ሳቅን። ሥራ አስኪያጁ ላቡን እየጠረገ «ይመለስ፣ ይመለስ» አለ። እሷ ግን ገና መፍላቷ ነበር።

«ጥገናም ይግባ!» አለች። «ወንድሟ ስለሆነ ነው እንዳትሉ። ወንድሜ ስለሆነ ነው! ያሳደገኝ ሰው ነው፣ ሰው በሚያልፍበት በር ላይ ሥራው ሲዘጋ ቆሜ አላይም። በቃ፣ ጻፉት!»

«ውይ፣ መች ጠላን?» አለች የሽያጭ ኃላፊዋ። «አንቺ ትይዋለሽ ብለን እኮ ነው ስንጠብቅ የከረምነው።»

ቃለ ጉባኤ ያየቻትን አስተያየት ለጠላቴ አልመኝም። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። እኔም የምሥራቹን ልስማ ብዬ ተከተልኳት።

ጋሼ ወስፌ አንድ የሴት ጫማ ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር።

«ጋሼ፣ ገባልህ! ጥገና ሰሌዳው ላይ ሊጻፍ ነው!»

ጫማውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊያስገባልህ ኖሯል?»

«አይ አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠራሽኝ።»

«ምን?»

«ዓይኔ ከከዳኝ ሰነበተ። ክር አስገቢልኝ የምልሽ የሚታየኝ ሆኖ ነው? ይዘጋል ሲባል ሰምቼ ተመስገን ብዬ ነበር፤ እነሱው ይዝጉልኝና ደከመኝ ከማለት ልዳን ብዬ።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ!» ጮኸች። «አንድ ቃል! አንድ ቃል እኮ ነው ጋሼ!»

«ለእኔ ስትንገበገቢ እያየሁ እንዴት ብዬ?»

ርጩማው ላይ ዘጭ አለች። ተናዳለች፤ በኮሚቴው፣ በወንድሟ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። ያን ሁሉ ምሳ ሰዓት መርፌውን ከእጃቸው ስትቀበል ዓይናቸውን አላየችም። ያልተባለውን መጻፍ አልለመደችማ።

«አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» ብላ ተነሣች።

ጋሼ ወስፌ ክንዷን ያዟት። «ተይ እንጂ፣ ምን ይሉናል? ራስሽ አስገብተሽ? ቢያንስ የሰሌዳው ቀለም ይድረቅ።»

ቆማ አየቻቸው። መርፌውን ነጥቃ ክሩን ምራቋን አስነክታ አሾለችው። ቀዳዳውን ሳተችው፤ ደግማም ሳተችው። ጋሼ ወስፌ፣ እንደሚታያቸው ሁሉ፣ ጎንበስ ብለው «ትንሽ ወደ ግራ» አሏት።