የዳለቻ ሆድ የማን ነው?

ከሚሴ ጀይሉን የምታውቀው በግመሉና በኩራቱ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከቆላ ጨው፣ ከጨፋ ሜዳ ማሽላ ሲጭን ኖሯል። አይሱዙ መጥቶ ሥራውን ሲቀማቸው ጓደኞቹ ግመሎቻቸውን ሸጠው ባጃጅ ገዙ። እሱ ግን "ባጃጅ በስሙ ስትጠራው ዞር ብሎ ያይሃል?" ብሎ አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ ዳለቻ የምትባል አንዲት እንስት ግመል ብቻ ቀረችው። እናቷ መንገድ ላይ ስትወልድ ሞታበት፣ በፍየል ወተት ያሳደጋት ነች። ሚስቱ ፋጡሜ "እኔን ያገባኸኝ ለእሷ እረኛ ፈልገህ ነው" ትለዋለች፤ ነገሩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም።

ታዲያ አንድ ወታደራዊ የምርምር ተቋም በደሴ መንገድ ዳር ቅርንጫፍ ከፈተ። መኪና በማይገባበት ቆላ ስንቅ በግመል የሚጫንበት አዲስ ኮርቻ ሊሞክር ነው። ለሦስት ወር ግመል እንከራያለን ሲሉ ጀይሉ ማንንም ሳያማክር ዳለቻን አቀረበ። ያጓጓው ኪራዩ አልነበረም፤ ገበያ መሃል ቆሞ "ግመሌ ወታደር ቤት ገባች" ማለቱ ነው። ማርገዟንም ያውቃል። ግን ገና ነው፣ ሦስት ወር ምን አላት ብሎ ተወው።

በሩ ላይ አንዋር የሚባል ጥበቃ አለ። ፍተሻ ላይ እናቱንም አይምርም። የዳለቻን አፍ አስከፍቶ አየ፣ ጆሮዋን ገልጦ አየ፣ ወደ ጅራቷ ሲሄድ ዞር ብላ ፊቱ ላይ ተፋችበት። ፊቱን ጠርጎ "አንድ ግመል፣ ገቢ!" አለና አስገባት።

ግቢው ውስጥ ሁለት መምሪያዎች አሉ፤ የቴክኒክ መምሪያና የድጋፍ መምሪያ። ቴክኒክ ኮርቻው ሳይመጣ ልኩን አልናገርም ይላል። ድጋፍ ደግሞ ልኩ ሳይነገረኝ ኮርቻ አልገዛም ይላል። ዳለቻ ግራር ሥር ቆማ ትጠብቃለች። የሚያበላት ግን አልተገኘም።

ጀይሉ የቴክኒኩን ኃላፊ ሻለቃ ኢልያስን ሄዶ ጠየቀ።

"ግመል የሚንቀሳቀስ ነገር ነው" አሉት ሻለቃው በትዕግሥት። "የሚንቀሳቀስ ነገር ትራንስፖርት ነው። ትራንስፖርት ድጋፍ ነው።"

የድጋፏ ኃላፊ ወይዘሮ ጀነት ግን አልተቀበሉም። "ምርምር የሚሠራባት ከሆነ የምርምር መሣሪያ ናት። እኔ ለማይክሮስኮፕ ሣር ገዝቼ አላውቅም።"

ስብሰባ ተጠራ። ሻኛዋ ኮርቻ ስለሚያርፍበት ለቴክኒክ፣ እግሮቿ ስለሚሄዱ ለድጋፍ፣ ጭንቅላቷ በጋራ ተብሎ ተወሰነ። ሆዷ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ሰዓታቸውን አዩ። ሆድ ወጪ አለው። "ይሄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር" ተባለና ምሳ ተበላ። የተማረ ሰው ተሰብስቦ ግመል ሲከፋፍል አይቼ አላውቅም፤ ያውም ሳይታረድ!

ስለዚህ ጀይሉ ራሱ የማሽላ አገዳ ተሸክሞ ጠዋት ጠዋት መመላለስ ጀመረ። አንዋር አገዳውን አንድ በአንድ እየሰበረ ይፈትሻል።

ሦስት ወሩ አለቀ። ኮርቻው አልመጣም። ጀይሉ ግመሌን መልሱልኝ ሲል ደንቡ የተረከበው ያስረክብ የሚል ሆኖ ተገኘ። ሻለቃው ደግ ሰው ናቸው፤ "ሻኛዋን አሁኑኑ ላስረክብህ እችላለሁ" አሉት። ወይዘሮ ጀነትም "እግሮቿ ዝግጁ ናቸው" አሉ። ሆዷን የሚያስረክብ ጠፋ። ያለ ሆዷ ደግሞ አትወጣም።

ሆዷ ግን ስብሰባ አይጠብቅም፤ በየወሩ ይገፋል። ጀይሉ የእናቷ ሞት በዓይኑ ላይ እየመጣ እንቅልፍ አጣ። ፋጡሜን "በኩራቴ በላኋት" አላት፤ እሷም እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። ሻለቃውን "በአላህ ይሁንብዎ፣ ቤቷ ሄዳ ትውለድልኝ" ብሎ ለመነ። ሻለቃው ወሊድ ሆድን ስለሚመለከት አስተያየት መስጠት እንደማይችሉ አዝነው ነገሩት።

አንድ ጠዋት አገዳውን ይዞ ሲገባ ዳለቻ ተኝታ ታቃስታለች። "ያ ረቢ!" ብሎ አገዳውን ጣለና አጠገቧ ተንበረከከ። ዱዓ እያደረገ፣ የልብሱ እጅጌ እስኪረጥብ አብሯት አማጠ። ሴት ግልገል ወጣች። እናቷም ግልገሏም ተነፈሱ። "አልሃምዱሊላህ" አለ።

ሁለቱ ኃላፊዎች እየሮጡ መጡ። እነዚህ ሰዎች ሲሮጡ የመጀመሪያቸው ነው።

"የምርምር ውጤት ናት!" አሉ ሻለቃ ኢልያስ። "የቅርንጫፋችን የመጀመሪያ ውጤት!"

"በግቢው ውስጥ የተገኘ ንብረት ነው!" አሉ ወይዘሮ ጀነት። "የድጋፍ ነው!"

"የወጣችው ከሆዷ ነው" አለ ጀይሉ። "ሆዷ የማን ነው?"

ሁለቱ ኃላፊዎች አስቸኳይ ስብሰባ ብለው ቢሮ ገቡና በሩን ዘጉ።

ጀይሉ ግልገሏ በእግሯ እስክትቆምና እስክትጠባ ጠበቀ። ከዚያ "ኮቱ፣ ነይ ዳለቻ" አለና ወደ ግቢው በር መራት። ግልገሏ እየተንገዳገደች ተከተለች።

አንዋር እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። "አባ ጀይሉ፣ ርክክብ የለዎትም። ደግሞ የገባው አንድ ነው፤ የሚወጣው ሁለት ነው።"

"ሁለት ነው የገባው፣ ልጄ" አለ ጀይሉ። "አንዷን ሳትፈትሽ ነው ያስገባሃት።"

አንዋር ወደ ዳለቻ ሆድ አየ። ወደ ግልገሏ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ወር ወታደር ግቢ ውስጥ ያልተፈተሸ…" አለና አቆመ። "ማን ሰማ?"

"እስካሁን ማንም። ስብሰባው ሲያልቅ ግን እንጃ።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። አንዋር ግን ልማዱ አልለቀው ብሎ ግልገሏን አስቁሞ ጆሮዋን ገለጠ፣ አፏን ከፈተ። ጣቱን ጎርሳ መጥባት ጀመረች። እዚያው ፈዞ ቀረ።

"ይሂዱ፣ አባ ጀይሉ" አለ በመጨረሻ፣ ጣቱን ሳያወጣ።

ጀይሉ አስፋልቱን ተሻግሮ ጨፋ እስኪታየው ድረስ አላለቀሰም። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ እስኪደርስ አላቆመም። አሁን ገበያ ላይ "ግመልህ ወታደር ቤት ገብታ ነበር አሉ" የሚለው ሰው ሲያገኝ "የኔዋ? ኧረ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም" ይላል።