በክረምት የሚለበስ ጋቢ

ላሊበላ በነሐሴ ጭር ትላለች። ዝናቡና ጭቃው እንጂ እንግዳ የለም። ሌሎች ፎቶ ቤቶች ይዘጋሉ፤ አጎቴ ግን የእኛን ዘግተው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ይከናነቡና ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «በይ አንሺኝ» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ ትናንትም አንስቼዎታለሁ እኮ።»

«ትናንት ጋቢው ፊቴን በልቶታል። ነጭ ልብስ ፎቶ ላይ ፊት ይበላል፤ አጥቁሮ ያጠፋዋል። ለገና የሚመጣው ሰው ደግሞ ሁሉም ነጭ ለባሽ ነው። ከፍላቂት በእግሩ መጥቶ የሚነሳው አንዴ ነው፤ ተበላሸ ብትይ ተመልሶ አይመጣልሽም። ስህተትሽን በክረምት እኔ ላይ ጨርሺ።»

መብራቱን ከፍ ዝቅ፣ ራቅ ቀረብ አደርጋለሁ። እግራቸው ቢደነዝዝም ከወንበሩ አይነሱም። አንዳንዴ ሲሰለቸኝ፣ ሳይስተካከል «ጥሩ ወጥቷል» እላቸዋለሁ። ፎቶውን እንኳ ሳያዩ ከድምፄ ያውቁብኝና «እንደገና» ይላሉ።

በግንቦት አረፉ። ተዝካራቸው እንደወጣ ፎቶ ቤቱን ዝጊው ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። እኔ ግን ነሐሴ ሲገባ ከፈትኩት፤ የገና በዓል መምጣቱ አይቀርም። የሚቀመጥልኝ ሰው ስላልነበረ ጋቢያቸውን ከሚስማሩ አውርጄ የወንበሩን መደገፊያ አለበስኩትና አነሳሁ።

ፎቶው በመጀመሪያው ልክ ሆኖ ወጣ። የጋቢው ክር ሳይቀር አንድ በአንድ ይታያል። የሚበላው ፊት አልነበረም።