የማዳበሪያው ቀዳዳ

ሰሞኑን ቤት ልቀይር ዕቃ ስሸክፍ የባዶ ማዳበሪያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ቁጭ አልኩ። ዱቄት ዱቄት፣ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ ነው። ደላላው በስልክ "ልጅ አለሽ? እንስሳ አለሽ?" እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ኮልፌ ነበርኩ።

እናቴና እኔ ከአከራያችን ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። አከራያችን ቁልፋቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ቀጭን ሴትዮ ነበሩ። ሕጋቸውን የነገሩን ገና ዕቃችንን ሳናወርድ ነው፤ መብራት ቶሎ ይጠፋል፣ እንግዳ አያድርም፣ ድመት ግን ለአይጥ አንዲት ትፈቀዳለች። ይህን ሕግ ለድመታችን ማን ይንገራት? በዓመቱ አልጋ ሥር ሁለት ወለደች።

አድገው ጣሪያ ላይ መሯሯጥ ጀመሩ። ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር እኔ እንዳይሰማ ብዬ እስላለሁ። ግን ስንት ቀን ይሳላል? አንድ ጠዋት አከራያችን በራችን ላይ መጥተው ቆሙ።

"አንዲት ነው ያልኩሽ። ሌሎቹ ከእሑድ እንዳያልፉ፤ ካለፉ አብራችኋቸው ነው የምትወጡት።"

እናቴ መሬት መሬቱን እያየች "እሺ እትዬ" አለች። ቤት ፍለጋ መንከራተት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

አንዱን ባለሱቁ ወሰደው። ነጭ እግር ያላትን፣ የእኔዋን፣ የሚፈልጋት ጠፋ። ድመት መንገዱን ካላየች አትመለስም ይባላል፤ እናቴም ማዳበሪያ ውስጥ ከታ አፉን አሰረችውና ከከተማው ዳር ሳንሱሲ ልንጥላት ታክሲ ተሳፈርን። ማዳበሪያው ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀቷ በቀሚሴ አልፎ ይሰማኛል። እናቴ ፊቷን ስታዞር በጣቴ ቀደድኩት፤ አንድ ዓይን ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ። ወደ መስኮቱ አዙሬያት በልቤ "እዪ፣ ይሄ ፌርማታው ነው፣ ይሄ ድልድዩ ነው" አልኳት።

ጥለናት ከተመለስን በኋላ ምን ልበላችሁ፣ መቀመጥ አቃተኝ። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ አጥሩን አያለሁ፣ ጣሪያውን አያለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው አከራያችን ልጃቸው ሚስት ሊያገባ ስለሆነ ክፍሏን ልቀቁ አሉን። እናትየዋን ድመት ይዘን ቀራንዮ ገባን።

ክረምቱ ሲወጣ እናቴ የረሳነውን ሳፋ እንዳመጣ ላከችኝ። አከራያችን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በሄድን በአራተኛው ቀን ነጭ እግሯ በጭቃ ጠቁሮ መጣች፤ የተዘጋው በራችን ላይ ተቀምጣ ስትጮህ ሰነበተች።

"ወተት ሰጠኋት፣ አልቀመሰችውም" አሉ፤ ቁልፋቸውን ያሻሹ ነበር። "ኋላ አንጀቴን በላችኝና ቤቱን ከፈትኩላት። ገብታ ጥግ ጥጉን አየችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።"

ሳፋውን ይዤ እስከ ፌርማታው እያለቀስኩ ሄድኩ። ስለ ቀዳዳዋ ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ደላላው አሁንም መልሴን ይጠብቃል። "እንስሳ የለኝም" አልኩት። መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ መሄዳችንን ግን ማን ይንገራት?